ጉርሻውን እምቢ ያለው ወንድሜ

አንድ ወረቀት አለኝ። እናቴ የጻፈችው ነው። ከድሮ ደብተር የተቀደደ ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወንድሜ «ማወቅ ያለበት» ቃላት ወደ ታች ተደርድረዋል። ውሃ። ዳቦ። ሽንት ቤት። ልብስ። እንቅልፍ። እሺ። አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ደህና እደሩ። ቤተ ክርስቲያን። እንዲህ እያለ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል። ምንም ክፋት የለበትም። ግን ካየሁት ጀምሮ ይከነክነኛል።

ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ዳውን ሲንድረም የሚባለው፣ አብሮ የሚወለድ የእድገት ውስንነት አለበት። የምንለውን ከሞላ ጎደል ይረዳል። ከአፉ የሚወጡት ቃላት ግን ጥቂት ናቸው፣ እነሱንም ከቤት ሰው ውጪ የሚለያቸው የለም። እኔን «ታታ» ይለኛል። ኳስን «ካስ» ይላል። ሐዋሳ ከተማ የሚጫወት ቀን ከሁላችንም በፊት ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። እንዴት እንደሚያውቅ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የስፒች ቴራፒ (የንግግርና የመግባባት ሕክምና) ባለሙያ ለመምህራን ሥልጠና ልትሰጥ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጎረቤታችን የልዩ ፍላጎት መምህርት ስለሆነች ሥልጠናው ላይ ነበረች። «እባክሽ፣ ለአንድ ከሰዓት ብቻ» ብላ ለምና ቤታችን ይዛት መጣች። እናቴ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ነበር የጠበቀችው። ጂንስ የለበሰች ወጣት ሴት፣ በፌስታል ኳስና የፕላስቲክ ኩባያ ይዛ ስትገባ ትንሽ ቅር አላት። ቡና ግን ተፈላ።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ከወንድሜ ጋር ግቢው ውስጥ ብዙ ቆየች። ምንም «በል» አላለችውም። ኳስ ተቀባበሉ። ከዚያ ገብታ ለእናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻትና «እናቴ፣ እሱ የሚያስፈልጉትን ቃላት ይጻፉልኝ» አለቻት። እናቴ ጻፈች። ባለሙያዋ አነበበችው። ፈገግ አለች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ግን የማይፈልገው ነገር ሲመጣበት በየትኛው ቃል ይናገር?»

እናቴ ገረማት። ከልቧ ነው የገረማት። «ምን የማይፈልገው ነገር አለ? ሁሉን እኛ እናደርግለት የለ!»

እዚህ ላይ ማንም አልተናገረም። ባለሙያዋም አልተከራከረችም፣ ቡናዋን ጠጣች። እኔ ግን ወረቀቱን አንስቼ ደግሜ አነበብኩት። እናቴ ክፉ ስለሆነች አይደለም እንደዚያ የጻፈችው። እኔ ብጽፈውም የሚለየው ከቃላቱ አንድ ሁለቱ ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ለእኛ የሚመች ነው። ስንሰጠው አመስጋኝ፣ ስናዘው እሺ ባይ፣ ሲመሽ ደህና እደሩ ብሎ የሚተኛ ልጅ። 23 ዓመት የሞላው ሰው፣ አሁንም ሰፈሩ ሁሉ «ማሙሽ» የሚለው ሰው፣ አንዲት «እምቢ» አልተመደበችለትም።

«አፉን የሚፈታ» ፍለጋ

እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤት የሚያልፍበትን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ አላረዝመውም። ጠበል አለ። ጠበሉን አልቃወምም፤ እናቴ አሁንም ትወስደዋለች፣ እሱም ውሃውን ይወደዋል። ምላጩ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ ገና ሕፃን ሳለ እንጥሉን ተቆርጧል። ከፍ ሲል ደግሞ አንድ የታወቁ ሰው «ምላሱ ሥር ያለው ክር ነው የያዘው፣ ልቁረጥለት» ብለው አባቴ ለጥቂት ነው ያስቆማቸው።

የምላስ ሥር ክር ማጠር የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ሕፃን ጡት ለመጥባት ሊያስቸግረው ይችላል፣ አንዳንዴም የተወሰኑ ድምፆችን ያከብዳል። ቋንቋን ግን አያግድም። ምላሱ የታሰረ ልጅ የሚለው ያጣ ልጅ አይደለም። እንጥል መቁረጥ ደግሞ ከመድማትና ከቁስል መመረዝ በቀር የሚጨምረው የለም።

ዘመናዊው ነገርም የራሱ ምላጭ አለው፣ ደም ባያፈስም። በአንድ ወቅት ወንድሜ ሻማ እንዲያጠፋ፣ በስትሮ እንዲነፋ፣ ምላሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያወዛውዝ «የቤት ሥራ» ተሰጥቶት ነበር። የአፍ ጡንቻ ሲጠነክር ንግግር ይመጣል በሚል። ብዙ ቦታ አሁንም ይሠራበታል። ይህ ዓይነቱ ከንግግር የተነጠለ የአፍ ስፖርት ንግግርን እንደሚያሻሽል የሚያሳምን ማስረጃ እንደሌለ ባለሙያዎች ከተናገሩት ቆይቷል። ንግግር የሚሻሻለው በንግግር ነው፤ አንድን ድምፅ በቃል ውስጥ፣ ቃሉን ደግሞ ትርጉም ባለው ቦታ ላይ በመለማመድ። ወንድሜ ሻማ በማጥፋት ጎበዝ ሆኗል። በልደት በዓል ላይ ይጠቅማል።

ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ አፉ ሳይሆን ስለ ጆሮው ነበር። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሆነ ጊዜ የመስማት ችግር ይገጥማቸዋል። የጆሯቸው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ያኔ ልጁ ውሃ ውስጥ ጠልቆ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው የሚሰማው፣ እኛ ደግሞ «አይሰማም፣ ግትር ነው» እንላለን። ወንድሜን ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ወሰድነው። ከጆሮው የወጣው ኩክ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። በአንድ ጆሮው መስማቱም ቀንሷል። በዚህ ሁሉ ዓመት ያየው ሰው ሁሉ አፉን ነበር ሲያይ የኖረው።

ሰሌዳው

ስፒች ቴራፒ ማለት «አፍ ማስፈታት» የሚመስለን ብዙዎች ነን። አፍ አንዱ ክፍል ነው። ሥራው ሰውየው የሚባለውን እንዲረዳ፣ የሚፈልገውንም እንዲያስረዳ ማድረግ ነው፣ በሚችለው መንገድ ሁሉ። በድምፅ፣ በእጅ ምልክት፣ በሥዕል፣ በስልክ። መዋጥ የሚያስቸግረውንም ሰው የሚያየው ይኸው ባለሙያ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ከሚናገሩት በላይ ይረዳሉ፤ ከሰሙት ይልቅ ያዩት ነገር ይቀርባቸዋል። አንድ ትርፍ ክሮሞዞም፣ 21ኛው፣ በሁለት ፈንታ ሦስት መሆኑ ነው የዚህ ሁሉ መነሻ። የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን በፈረንጆች ማርች 21 የሚከበረውም ለዚህ ነው፣ ሦስተኛው ወር ሃያ አንደኛው ቀን።

ስለዚህ ሰሌዳ ሠራን። ምንም የተራቀቀ ነገር የለውም። በስልክ ፎቶ አነሳን፣ ፎቶ ቤት አሳተምን፣ ላሚኔት አስደረግን፣ ካርቶን ላይ በሚነቀል ማጣበቂያ ለጠፍን። ፎቶዎቹ የራሱ ናቸው። የራሱ ኩባያ፣ የራሱ አልጋ፣ ታቦር ተራራ፣ የሐይቁ ዳር መንገድ፣ የሰፈራችን ባጃጅ። ባለሙያዋ ከእናቴ ዝርዝር ላይ ብዙውን ወሰደች። የራሷንም ጨመረች። ቆይ። ተወኝ። ያመኛል። ማነው? ደግሞ አንዱን በጣም ወደድኩት፤ የጥያቄ ምልክት ያለበት ካርድ ነው፣ ትርጉሙ «የምለው ነገር እዚህ የለም»። እና ቀይ መደብ ላይ የተዘረጋ መዳፍ። እምቢ።

እናቴ ስትሰማ የፈራችው እኔ ያልጠበቅኩትን ነገር ነበር። «ሥዕል ካገኘ አፉን መጠቀም ይተዋል» አለች። «ይሰንፍብኛል።» ይህን ፍርሃት የማይጋራ ወላጅ አላገኘሁም። ባለሙያዋ የመለሰችላት በጥናት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ አለ፤ የእድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሥዕል፣ ምልክት ወይም መሣሪያ መጠቀም ሲጀምሩ ንግግራቸው ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ። አስተማማኝ መረጃ ከተገኘላቸው 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልነበረም። 89 በመቶዎቹ ጨምረዋል። ጭማሪው ለብዙዎቹ መጠነኛ ነበር፣ ተአምር አልሆነም። ግን ማንም አልሰነፈም። ሰው መግባባት ሲቀምስ ይበልጥ መግባባት ነው የሚያምረው።

ከባዱ ነገር የመጣው ከእሱ አልነበረም። ከእኛ ነው። ባለሙያዋ «ሰሌዳውን እናንተም ተጠቀሙበት» አለች። ስንናገር እኛም ሥዕሉን እንድንነካ። «ውሃ ልጠጣ ነው» እያልን ውሃዋን መንካት። «ደክሞኛል፣ አልፈልግም» እያልን ቀዩን መዳፍ ማንሳት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃን አንድ ቃል ከማለቱ በፊት ዓመት ያህል ሲያወሩለት ይሰማል። በሥዕል የሚናገር ሰው ግን በሥዕል የሚያወራው ሰው አንድም ቀን ሳያይ «ና፣ በዚህ ተናገር» ይባላል። አባቴ ጋዜጣ እያነበበ ሰሌዳ ሲነካ ብታዩት ያስቃችኋል።

ሁለተኛው ትእዛዝ ዝምታ ነበር። ጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ አለችን። ሞክሩት እስቲ። ቤታችን ውስጥ አሥር ሰከንድ ዝም ያለበት ጊዜ ከጸሎት ውጪ ትዝ አይለኝም። ስድስት ላይ ስትደርሱ አንዱ «ውሃ ነው የሚፈልገው!» ይላል። የወንድሜ መልስ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከስምንት በኋላ ነው።

የፋሲካ ዕለት

እዚህ ጋ ነው ረጋ ማለት የምፈልገው።

ባለሙያዋ አዲስ አበባ ተመልሳለች፤ በቴሌግራም ቪዲዮ እየላክንላት ትከታተለናለች። ወንድሜ ሰሌዳውን ለኳስና ለሻይ ይጠቀምበታል፣ ለሌላው ብዙም ግድ አልሰጠው። ቀዩን መዳፍ ነቅሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከትቶት ይዞራል፣ ግን አንድም ቀን አላወጣውም። ቀለሙን ስለወደደው ነው ብለን ትተነዋል።

ፋሲካ ደረሰ። ቤቱ ሞላ። አክስቴ ከሻሸመኔ መጣች። ወንድሜን በእጇ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናቴ ሥራ ስትውል ጀርባዋ ላይ ያዘለችው እሷ ናት። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ስታነቡ እንደ ክፉ ሰው እንዳትስሏት። ዶሮው ቀረበ። እጅ ታጠብን። አክስቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች። እንደ ልማዷ ለእሱ ነው፣ እንደ ልማዷም ትልቅ ነው። «ና የኔ ማሙሽ፣ አፍህን ክፈት» ብላ ዘረጋች።

ወንድሜ እጁን ኪሱ ከተተ። ቀዩን መዳፍ አወጣ። አየው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ በጉርሻውና በአፉ መካከል አቆመው።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። የአክስቴ እጅ አየር ላይ ቀረ፣ ወጡ በጣቶቿ ወደ አንጓዋ እየወረደ። ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባትም። «ይሄ ምንድነው?» አለች። እናቴ ቀልታ «ኧረ ምንም አይደል፣ ጨዋታ ነው» አለች። አክስቴ ሳቀችና «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባል የለ» ብላ እንደገና ዘረጋች። አሁን ካርዱን ከፊቷ ባለው እንጀራ ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ። ወጥ እንዳይነካው ጫፍ መርጦ። ከዚያ በራሱ እጅ እንጀራ ቆርሶ፣ እንቁላሉን ትቶ፣ ሥጋውን ብቻ ጠቅልሎ በላ።

አጎቴ «አስባለጋችሁት» አለ። በቃ፣ ይቺው ነች ያለው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ግማሹ እንደዚያ እንዳሰበ ከፊቱ ያስታውቃል። እናቴ ካርዱን ልታነሳ እጇን ሰደደች። አባቴ ነው ያስቆማት፣ ያ ሰሌዳ መንካት የሚያፍረው አባቴ። «ተዪው፣ ጠገብኩ ነው ያለው፣ ሰው ጠገብኩ አይልም እንዴ?» አለ። እውነቱን ለመናገር ጠገብኩ አላለም፣ ገና መብላቱ ነበር። ያለው «በራሴ እጅ» ነው። ግን አባቴ ቦታውን ከፈተለት። ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። አክስቴ ጉርሻዋን ራሷ በላችው።

እኔ ግን የቀረውን ምሳ በትክክል አልቀመስኩትም። እያሰብኩ ነበር። ይህ ሰው ለሃያ ዓመት ያህል በየበዓሉ ከየአቅጣጫው ጉርሻ ሲዘረጋለት ኖሯል። በፍቅር፣ በሐዘኔታ፣ በጽድቅ ፍለጋም ጭምር። እንቁላል እንደማይወድ እንኳ ማንም አላወቀም፣ እንቁላሉ ሁልጊዜ ጉርሻው ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚገባ። አንዳንዴ አፉን ግጥም ያደርግ ነበር። ያኔ «ዛሬ ጠባዩ ተነስቶበታል» ይባላል። አንዳንዴ ሰሃን ይገፋ ነበር። ያኔ ወደ ክፍሉ ይወሰዳል። እሱ እኮ ሁሌም እምቢ ሲል ነበር። የጎደለው እምቢታው አልነበረም። እኛ እንደ ንግግር የምንቆጥረው መልክ ነው የጎደለው።

ጠባይ ወይስ መልእክት

ማታውኑ ለባለሙያዋ በድምፅ መልእክት ነገርኳት። ብዙ ሳቀች። ከዚያ አንድ የቆየ ጥናት ነገረችኝ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ካር እና ዱራንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሠሩት። አራት ልጆች ናቸው፣ የእድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግሩ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት «ችግሩ መቼ ይመጣል?» ብለው ነው። ለአንዳንዶቹ ሥራው ሲከብድ፣ ለአንዳንዶቹ ሰው ሲረሳቸው። ከዚያ ለዚያው ምክንያት የሚሆን አጭር አረፍተ ነገር አስተማሯቸው፣ «አልገባኝም» እንደማለት፣ ወይም «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ብሎ ሰውን መጥራት። ማስቸገሩ ወረደ። ወሳኙ ነገር የተማሩት ቃል ከችግሩ ምክንያት ጋር መግጠሙ ነበር። ምክንያቱ ሌላ ሆኖ የሚያምር ቃል ቢያስተምሯቸው አይሠራም። ሰሃን የሚገፋን ሰው «አመሰግናለሁ» ብታስተምሩት ሰሃኑን መግፋቱን አይተውም።

እንግዲህ እኛ ጋ ነገሩ የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል። ልጅን ስናሞግስ «ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» እንላለን። ከትልቅ ፊት ዝም ማለት ሥርዓት ነው። ለብዙው ልጅ ይህ ጉዳት የለውም፣ አድጎ ቦታውን ይረከባላ። ሲያድግ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ጠበቃም ይሆናል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የምንለውም እኛው ነን። ለወንድሜ ግን ያ ማደግ አልተፈቀደለትም። ዕድሜው ሄዷል፣ የሚፈለግበት ጨዋነት ግን የአራት ዓመት ልጅ እንደሆነ ቀርቷል።

ይህ የጉርሻ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት አነሳሽነት ተሠርቶ ዘ ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ አለ። አካል ጉዳተኛ ልጆች ጥቃት የመድረስ ዕድሉ ከሌሎች ልጆች 3.7 እጥፍ እንደሚበልጥባቸው ያሳያል። የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው የወሲባዊ ጥቃቱ 4.6 እጥፍ ነው። አብዛኛው መረጃ የተሰበሰበው ሀብታም አገሮች ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ፤ ስልክ ተደውሎ ሰው በሚመጣበት አገር። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ቃል ብቻውን ጋሻ አይሆንም። ግን «ሰው ሲነካህ ዝም በል፣ የሰጡህን ዋጥ፣ የጠየቁህን እሺ በል» ተብሎ ያደገ፣ ያመመውን ለመናገር እንኳ ካርድ የሌለው ሰው ማን ፊት ይቆማል? «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» ይላሉ አበው። እና እኛ በገንዘባችን፣ በጉልበታችን፣ በሕክምና ስም፣ የበግ ቃላት ብቻ ስናስተምር እንገኛለን።

ስለዚህ ለልጃችሁ የስፒች ቴራፒ ዕድል ካገኛችሁ ዝርዝሩን እዩት። ስንቱ ቃል የእናንተን ሥራ የሚያቀል ነው? ስንቱስ እናንተን የሚቃወም ነው? የሰውነት ክፍሎች ስም፣ ሁሉም፣ የሚያሳፍሩንም ጭምር፣ አሉበት? እኛ እነዚህን ስንጨምር እናቴ ሁለት ቀን አኩርፋለች።

ስለ ቋንቋና ስለ ዕድሜ

ሁለት ነገር ቶሎ ልበል፣ ሰው ሁሌ ስለሚጠይቀኝ።

የአባቴ እናት የሚናገሩት ሲዳምኛ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት «ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል፣ በአማርኛ ብቻ አውሩት» ብሎን ነበር። በዚህ ምክንያት አያቴ ከልጅ ልጃቸው ጋር በማይቀናቸው ቋንቋ መታገል ጀመሩ፣ በኋላም ዝም አሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. በካናዳ የወጣ ጥናት ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ባለ ሁለት ቋንቋና ባለ አንድ ቋንቋ ልጆች አወዳድሮ ሁለተኛው ቋንቋ እንዳልጎዳቸው አሳይቷል። ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ትርፍ ነገር አይደለም፣ ገበያውም ለቅሶውም ሠርጉም በሁለቱ ነው። ሰሌዳው ላይ የአያቴ ፎቶ አለ። እሱን ሲነካ እሳቸው በሲዳምኛ ይመልሱለታል። ይግባባሉ።

ዕድሜን በተመለከተ፦ «ጊዜው አልፏል» የሚባለው ነገር ሰነፍ አባባል ነው። ትንሽ ሳሉ መጀመር የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ቋንቋ በወጣትነትም ማደጉን ይቀጥላል። ችግሩ አገልግሎቱ እዚያ አብሯቸው አለመቀጠሉ ነው። ያለው ሁሉ ለሕፃናት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የተነሳችው ከራሷ ልጅ ነበር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ስለነዚህ ልጆች በአደባባይ ከመጮህ አልቦዘነችም። ያ ጩኸት ብዙ ቤት የተቆለፈ በር አስከፍቷል። ከአዲስ አበባ ውጪ ያለነው ግን አሁንም ሥልጠና ሊሰጥ የመጣ ሰው ለምነን ለአንድ ከሰዓት ነው የምናገኘው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፣ በአዋጅ ቁጥር 676/2002። ስምምነቱ «ተግባቦት» የሚለውን ሲተረጉም ከንግግር ሌላ ያሉትን አማራጭ መንገዶችም ይጨምራል። ማለትም የወንድሜ ካርቶን በሕግ ፊት ንግግር ነው። ይህን ለባንክ ቤት ጥበቃ ለማስረዳት ሞክሩ እንግዲህ።

አሁን የቤታችን ክርክር ሌላ ነው። ወንድሜ እምቢታን ለምዷል፣ በደንብ ለምዷል። ፀጉር ቤት እምቢ አለ። እሁድ ጠዋት መነሳት እምቢ አለ። አንድ እንግዳ ሊስመው ሲያጎነብስ ቀዩን ካርድ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። አንዳንዱን እምቢታ እናከብራለን፣ አንዳንዱን አንቀበልም፣ መድኃኒት ለምሳሌ አይቀርም። ያኔም ግን «እምቢ አልክ፣ ሰምቻለሁ፣ ግን መዋጥ አለብህ» እንለዋለን፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይናደዳል። እናቴ ደከማት። ባለፈው ሳምንት «ይቅርታ» የሚል ካርድ ይጨመርልኝ አለች። እምቢ ካለ በኋላ ቢያንስ ይቅርታ ይበል ነው ሐሳቧ።

ባለሙያዋን ጠየቅናት። «ጨምሩ» አለች፣ «ግን እናንተም ለእሱ የምትነኩት ከሆነ ነው።» እናቴ መልእክቱን ደግማ አዳመጠችው። ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ግድ የለም» አለች።

ሥዕሉ ላይ ግን አልተስማማንም። እናቴ እጅ የሚነሳ ሰው ይሁን ትላለች። እኔ ደረት ላይ ያረፈ እጅ እላለሁ። አባቴ ሁለት ሰው ሲጨባበጥ ይሻላል ባይ ነው። ሦስቱን አሳትመን ወንድሜ ፊት ዘረጋንና የትኛው ይሁን አልነው። እስከ አሥር ቆጠርን። ጥያቄ ምልክቷን ነካ፣ ከዚያ ኳሷን አነሳና ወደ በሩ ሄደ።